የሎላ ሳቤል አውራ ጣት

ታምባክ፣ ጁላይ 8 ቀን 1996

ይድረስ ለወይዘሮ ሊዮኒሳ ታብሊዞ
ሆንግ ኮንግ

ጤና ይስጥልኝ።

ከማያውቁት ሰው የመጣ ደብዳቤ ያስደነግጣል። ስለዚህ ሌላውን ከማለቴ በፊት ልጅዎ አርሴሊ ደህና እንደሆነች፣ ዛሬም ጠዋት ትምህርት ቤት እንደመጣች ልንገርዎ። ደህና ማለቴ በእግሯ ቆማ ትሄዳለች ለማለት ነው። የቀረውን ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

ስሜ ሉዲቪና ሶኔሃ ነው። ልብስ ስፌትና ምግብ ዝግጅት አስተምራለሁ። አምና የተማሪዎች አማካሪ የነበረችው መምህርት ወደ ከተማ ስትዛወር ርእሰ መምህሩ የክፍሏን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ እስካሁን መልሺ ያለኝ የለም። ለዚህ ሥራ ብዬ የተማርኩት ነገር የለም። የማውቀው ከተቀዳደደ መጽሔትና እሷ ጥላው ከሄደችው ወረቀት እየለቃቀምኩ ያነበብኩትን ነው። ብሳሳት ይቅር ይበሉኝ።

ወደ አማካሪ ክፍል የተጠራች ልጅ ወይ ሰርቃለች ወይ አርግዛለች ተብላ ስለምትታማ አርሴሊን ወደዚያ አልጠራኋትም። በምሳ ሰዓት ሩዝ እጠቢልኝ ብዬ ወደ ማብሰያ ክፍሉ ወሰድኳት። ሩዙን አጠበች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁን ላይ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ አርሴሊ አንዲት ቃል አልጻፈችም። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ሲጠይቋት በቃሏ ትመልሳለች፤ ብዕር ግን አትይዝም። የመጀመሪያውን ፈተና ወረቀቱን እንደተሰጣት መለሰችው። ስሟን እንኳ አልጻፈችበትም። አምና ግን በትምህርት ቤቱ እንደ እሷ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ አልነበረም፤ የተመራቂዎቹን ስም በምስክር ወረቀታቸው ላይ የጻፈችው እሷ ናት አሉ። የሒሳብ መምህሩ "አድማ መታችብን እኮ! ደመወዝ እንዲጨመርላት ይሆናል" እያለ ይቀልዳል። ርእሰ መምህሩ ግን አይቀልዱም። በኦክቶበሩ ፈተናም ባዶ ወረቀት ከመለሰች ከመዝገብ ትሰረዛለች ብለዋል።

ሌላም አለ። በቀኝ አውራ ጣቷ ላይ አግድም የተቆረጠ ቁስል አለ። ለቃጫ የሚሆን አባካ ስፍቅ ቢላዋው ሳተኝ አለችኝ። አጥቤ አሰርኩላት። በሳምንቱ እዚያው ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። ከዚያም እንደገና። ቢላዋ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ አይስትም።

ወንዙን ተሻግሬ ወደ ቤታችሁ ልሄድ አስቤያለሁ። እናቲቱን ሳያስፈቅዱ ሰው ቤት መግባት ግን ነውር መሰለኝ። በቤት ውስጥ ሆኗል የሚሉት ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ
ሉዲቪና ሶኔሃ


ሆንግ ኮንግ፣ እሑድ ጁላይ 28 ቀን 1996

ለውድ ማም ሉዲቪና፣

ወረቀቱ ስለተጨማደደ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሑድ የእኛ የቤት ሠራተኞች የእረፍት ቀን ነው፤ አደባባዩ ላይ ካርቶን አንጥፈን እንውላለን። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። አጠገቤ ያለችው ኔኒንግ "ለማን ነው ይህ ሁሉ? ውሽማ ያዝሽ እንዴ?" እያለች ስታሾፍብኝ ነበር። ለልጄ አስተማሪ ነው ስላት ካርቶኑ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። በሁለተኛው ስለ አባቷ ጠይቀውኛል። አባቷ አምስት ዓመት ሳይሞላት ባሕር በልቶታል። መልኩንም አታስታውሰውም፤ እሱ አይደለም የሚያስጨንቃት።

ማም፣ ከሌላ ልጅ ጋር አሳስተዋት እንዳይሆን። አርሴሊ አትጽፍም ይላሉ። እናቴ እኮ በየወሩ ደብዳቤ ትልክልኛለች፤ የምትጽፈውም አርሴሊ ናት። እናቴ ፊደል አትቆጥርም። እሷ ትናገራለች፣ አርሴሊ ትጽፋለች፣ መጨረሻ ላይ እናቴ አውራ ጣቷን የድስት ጥላሸት አስነክታ ከስሟ በታች ታትምበታለች። እኔ ልጅ ሆኜም የምጽፍላት እንዲሁ ነበር። የዚህ ወር ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነው። አሳማዋ ሰባት ወልዳለች፣ ጣሪያው ተጠግኗል፣ ጉልበቷን ተሽሏታል። ሦስት ገጽ የምትጽፍ ልጅ ስሟን መጻፍ እንዴት ያቅታታል?

ቤት ልሂድ ወይ ላሉኝ፣ ይሂዱ። እናቴን ያነጋግሯት። የሰፈሩ ሰው ሎላ፣ አያቴ፣ ነው የሚላት፤ ሎላ ሳቤል ብለው ከጠየቁ ውሻው ሳይቀር ያሳይዎታል። ጆሮዋ ከብዷልና ጮክ ይበሉ። እህቴ ፑሪታም አለች። አፏን አይስሙ፣ ልቧ ደግ ነው።

ስለ ጣቷ ግን ምንም የማውቀው የለም።

ሊዮኒሳ


ታምባክ፣ ኦገስት 11 ቀን 1996
(ያልተላከ)

ለወይዘሮ ሊዮኒሳ፣

ይህንን እንደማልልከው ልቤ እየነገረኝ ነው የምጽፈው። አንድ ቦታ ካላስቀመጥኩት ግን ነገ አጭሩን ደብዳቤ መጻፍ አልችልም።

ትናንት ወንዙን ተሻገርኩ። ሎላ ሳቤል ቤት የት ነው ብዬ የጠየቅኋቸው ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና በእጃቸው ብቻ አሳዩኝ። ፑሪታ ደጃፉ ላይ የአባካ ቃጫ እያሰጣች ነበር።

"ኧረ ማም! ምን እግር ጣለዎት? ሰረቀች ወይስ አረገዘች?" አለችኝ።

ሁለቱንም አይደለም አልኳት።

"እንግዲያው ምን ችግር አለ፤ ይግቡና ሩዝ ይብሉ" ብላ በኮኮናት ወተት የተሠራ የጎደሬ ቅጠል አቀረበችልኝ። እየበላሁ ሎላ ሳቤልን ለማነጋገር እንደመጣሁ ስነግራት ተነስታ በሩን ዘጋችው።

እናትዎ ፌብሩዋሪ 19 ቀን አርፈዋል። ስድስት ወር ሊሞላቸው ነው። በማግስቱ ፑሪታ ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስባ ለእርስዎ እንዳይነገር አስምላለች።

"ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ አይላክም፤ ይህን ማንም ያውቃል" አለችኝ። "የቴክላ ልጅ ሲንጋፖር ሆና አባትሽ ሞተ አሏት። ሥራዋን ጥላ መጣች። ስትደርስ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። ያቻት ሱቁ ደጃፍ ተቀምጣ ለብቻዋ የምታወራው። እህቴንም እንደዚያ ላድርጋት? ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ አማካሪ ነሽ አይደል!"

"ደብዳቤውን ማን ነው የሚናገረው ታዲያ?" አልኳት።

"እኔ ነኛ። አርሴሊ ትጽፋለች። ኧረ አንዳንዴ እኔም አያስፈልገኝም፤ የእናቴን አነጋገር ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ባለፈው አሳማዋ ሰባት ወለደች ብላ ስታነብልኝ፣ 'አንቺ፣ አሳማዋን ለቀብሩ አርደናት የለም እንዴ!' አልኳት" ብላ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ በእጇ በያዘችው ቃጫ ፊቷን ጠረገች።

ልጅቷ የሐዘን ጥቁሯን ጨርቅ ደረቷ ላይ እንዳትሰካ ተከልክላለች። የክፍሉ ፎቶግራፍ ለእርስዎ ስለሚላክ ነው። ሐዘንተኛ መሆኗን እኔም ያላወቅሁት ለዚህ ነው። ሳላውቅም ከሁሉ የከፋውን አደረግሁ። ባለፈው ሳምንት አዲስ ደብተር ሰጥቻት "በአፍሽ ማለት ያቃተሽን ጻፊው" አልኳት። እንዲህ ይደረግ የሚል አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። ደብተሩን ስታይ ሮጣ ወጣች፤ ከማብሰያው ክፍል ጀርባ ስታስመልስ ደረስኩባት። እንድትጽፍ ያዘዛት ሰው ያነሰ ይመስል እኔም ጨመርኩባት።

ጣቷን ለምን እንደምትቆርጠው ፑሪታም አታውቅም።

ለእርስዎ እንዳልናገር በእናትዎ ፎቶግራፍ ፊት አስምላኛለች። ፎቶግራፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።


ታምባክ፣ ኦገስት 12 ቀን 1996

ለወይዘሮ ሊዮኒሳ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችሁ ሄጄ ነበር። ፑሪታ በደንብ አስተናግዳኛለች። እናትዎን አላነጋገርኳቸውም።

አርሴሊ የጣቷ ቁስል እስኪድን ለማንም እንዳትጽፍ ከልክያታለሁ። ፑሪታም ተስማምታለች። ስለዚህ ለጊዜው ከእናትዎ ደብዳቤ አይጠብቁ። አጭር ስለሆነብኝ ይቅርታ።

ሉዲቪና


ሆንግ ኮንግ፣ እሑድ ኦገስት 25 ቀን 1996

ማም ሉዲቪና፣

"እናትዎን አላነጋገርኳቸውም" ብለው ጽፈዋል። አላገኘኋቸውም አላሉም። ወጥተው ነበር አላሉም። መዋሸት አይሆንልዎትም፤ ልጄ ግን ሆኖላታል።

ማም፣ አውቃለሁ። ከኤፕሪል ጀምሮ አውቃለሁ።

እናቴ አባካ ስትፍቅ ቢላዋ አውራ ጣቷን ሰንጥቋት ነበር፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ጠባሳው አግድም ነው። ጣቷን ወረቀት ላይ ስታትም ጥላሸቱ መሐል ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ደብዳቤ በመጣልኝ ቁጥር ከማንበቤ በፊት እሱን ነው የማየው። የማርቹ ደብዳቤ ላይ መስመሩ አልነበረም። አሻራው ትንሽ ነው፣ ልስልስ ያለ ነው። የኤፕሪሉም እንዲሁ።

ያን ጊዜ ምን ባደርግ ጥሩ ነበር? ፑሪታ ሆይ እናቴ ምን ሆነች ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ለእናቴ ጻፍኩ። እንደ ቀልድ አድርጌ፣ "እማ፣ ጠባሳሽ የት ሄደ? በስተርጅና ቆዳ ቀየርሽ እንዴ?" አልኳት።

በሚቀጥለው ደብዳቤ መስመሩ ተመልሶ መጣ።

ማም፣ ደስ አለኝ። አሻራው ያው ትንሹ እንደሆነ እያየሁ ደስ አለኝ። ሳምኩት። ኔኒንግን ጠርቼ "እናቴ ደህና ናት፣ ይኸውልሽ" አልኳት። ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ፤ በቀኝ አውራ ጣቷ ላይ አግድም የሚለውን አነበብኩ። እናቴን ያነጋግሯት ብዬ የመለስኩልዎ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ደብዳቤው እስከመጣ ድረስ እናት ነበረችኝ።

መቼ ነው የሞተችው? ማን አጠባት? የት ነው የተኛችው? ታማ ነበር ወይስ በድንገት?

አንድ ነገር ልለምንዎ። አውቅ እንደነበረ ለአርሴሊ አይንገሯት። እያወቀች ስታስጽፈኝ ነበር ካለች በምን ዓይኔ አያታለሁ። አሁን ገና እንደሰማሁ ይንገሯት። እባክዎ ደግሞ አንቺ ይበሉኝ፤ እርስዎ የምባል ሰው አይደለሁም።

ሊዮኒሳ


ታምባክ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1996

ሊዮኒሳ፣ እህቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል ሳልልሽ ወር አልፎኛልና ይቅር በይኝ።

የጠየቅሽኝን ፑሪታን ጠይቄ ነው የምጽፍልሽ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን፣ ማለዳ። ሦስት ቀን ትኩሳት ነበራቸው። ያጠቧቸው ፑሪታና አዋላጇ ናቸው፤ ቡናማ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ከአባትሽ አጠገብ ነው ያሉት። አርሴሊ በመጨረሻው ቀን ትምህርት ቤት ነበረች። ፈተና ስላለሽ ሂጂ ያሏት እሳቸው ናቸው። ስትመለስ ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

ልመናሽን ግን አልቀበልም። ልጅቷ ላይ የዋሸን በዝተናል። እኔ ሌላ ውሸት ብጨምርባት ከእንግዲህ በዚህ ትምህርት ቤት የምታምነው ሰው አይኖርም። ደግሞም ጣቷን ለምን እንደቆረጠችው ካንቺና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንቺ ካላወቅሽ ለማን ትናገረዋለች?

ደስ የማይልሽን ሌላም ልንገርሽ። ባለፈው ዓርብ አርሴሊ የብስኩት ጣሳ ይዛልኝ መጣች። ከሄድሽ ጀምሮ የጻፍሻቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ አሥራ ስምንት። ቁጭ ብዬ እንዳነባቸው ፈለገች። ሁሉም "ለውድ እናቴ" ብለው ይጀምራሉ። ለአርሴሊ የተጻፈ አንድም የለም። መጨረሻ ላይ "ለምታነብልሽ ልጄ ሰላም በይልኝ" ይላል። እሱንም ለአያቷ ጮክ ብላ ያነበበችው ራሷ ናት።

ስለዚህ ጻፊላት። ለእሷ፣ በስሟ። እውነቱን ጻፊ። አሽገሽ ላኪልኝ፤ እጇ ላይ አደርስልሻለሁ፤ ስታነበውም አጠገቧ እቆያለሁ። ፈተናው በኦክቶበር ሦስተኛ ሳምንት ነው። እስከዚያ ቢደርስ መልካም ነበር።

ሉዲቪና


ሆንግ ኮንግ፣ እሑድ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1996

ማም፣

ለምን አልመጣችም ይሉኝ ይሆናል። አሠሪዬን ለምኛለሁ። እናትሽ የሞተችው በፌብሩዋሪ ከሆነ አሁን ምን ያጣድፍሻል አለችኝ። ልክ ናት። ውሌ እስኪያልቅ አትለቀኝም።

በዚህ ውስጥ የአርሴሊ ስም ያለበት ፖስታ አለ። ሦስት እሑድ ፈጅቶብኛል። "ውድ ልጄ" እልና ከዚያ ወዲያ እጄ አይሄድም። ኔኒንግ ወረቀቱን ነጥቃኝ "ስጪኝ እኔ ልጻፍልሽ፤ አንቺ ተናገሪ" አለችኝ። ያን ጊዜ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከዚያ ራሴ ጻፍኩት።

ሁሉንም ጽፌያለሁ። ስለ ጣቷም። ምን ትል ይሆን ብዬ አልጠይቅዎትም። የምትለውን ሁሉ ግን ይጻፉልኝ፤ እንዳያለዝቡልኝ።

ሊዮኒሳ


ታምባክ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1996

ሊዮኒሳ፣ እህቴ፣

መልሴ የዘገየው በማዕበሉ ነው፤ ጀልባ ሁለት ሳምንት አልመጣም። የማብሰያ ክፍሉን ጣሪያ ነፋሱ ወስዶታል። የእናንተ ቤት አልተነካም። እንዳላለዝብ ነግረሽኛልና እንደሆነው እጽፋለሁ።

ፖስታሽ የደረሰኝ ኦክቶበር 14 ቀን ነው። በምሳ ሰዓት ሰጠኋት። ስሟን አየችና ገለበጠችው፤ ከኋላ የአያቷን ስም የምትፈልግ መሰለኝ። ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። አላለቀሰችም።

"ታውቅ ነበር?" አለችኝ።

"ታውቅ ነበር" አልኳት።

"ከመቼ?"

"ከማርች ጀምሮ ጠርጥራለች። በኤፕሪል አውቃለች።"

በጣቷ ቆጠረች። "አምስት ደብዳቤ" አለች። "ማም፣ የታረደችውን አሳማ እንኳ አምጥቼላታለሁ እኮ።" ከዚያ ወደ ገንዳው ሄዳ የታጠበውን ሩዝ እንደገና አጠበችው። ደወሉ ተደወለ፤ እሷ ታጥባለች።

ከማግስቱ ጀምሮ አልመጣችም። ፈተናው አለፈ። ርእሰ መምህሩን ለመንኳቸው፤ በቃል ትፈተን፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ አልኩ። "ማም ሉዲቪና፣ ርኅራኄ ሌላ፣ ደንብ ሌላ" አሉኝ። ስሟ ተሰርዟል። በሚመጣው ጁን ሦስተኛ ዓመትን እንደ አዲስ ትጀምራለች። ፈተናው እስኪያልፍ ፖስታውን ባቆየው ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። መልሱን አላውቀውም። ያቆየሁት ነገር በዝቶብኝ ነበር።

ኖቬምበር 1 ቀን፣ በሙታን መታሰቢያ፣ ሰው ሁሉ ወደ መቃብር ሲወጣ እኔም ሄድኩ። ፑሪታና አርሴሊ የሎላ ሳቤልን መቃብር ሣር ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ሁለቱም ደረታቸው ላይ ጥቁሩን ጨርቅ ሰክተዋል። ፑሪታ እንዳየችኝ "ነይ እንጂ ማም፤ ያጣላሽን ሁላችን እዚሁ ነን" ብላ የሩዝ ቂጣ ሰጠችኝ። አርሴሊ ሻማው እንዳይጠፋ በእጇ ትከልለው ነበር። ጣቷን አየሁት። ደርቋል። ጠባሳው ግን ይቀራል፤ እንደ አያቷ።

ባትጠይቂኝም፣ ትቆጣ ይሆን ማለትሽ አይቀርም። ትቆጣለች። ስምሽን አንስቼ ሳወራ ፊቷን ታዞራለች። ደብዳቤሽን ግን ከአሥራ ስምንቱ ጋር አልጨመረችውም፤ ለብቻው ነው ያስቀመጠችው። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት መጣች። ወደ ክፍል አይደለም፤ ጣሪያ ወደሌለው ማብሰያ ክፍል። ሩዝ አጠበች። ልትሄድ ስትል "ለእናቴ መቼ ነው የሚጽፉላት?" አለችኝ። ዛሬ አልኳት። "ወረቀት ይስጡኝ" አለች። ደብተሩን አላወጣሁላትም፤ ከራሴ ወረቀት አንድ ቀድጄ ሰጠኋትና ፊቴን አዙሬ ድስት ማጠብ ጀመርኩ። ብዙ ቆየች። ስዞር ሄዳለች፤ ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች።

ሳላየው ልልክልሽ አስቤ ነበር። አልቻልኩም፤ አየሁት። ከላይ እስከ ታች ምንም የለበትም። ከሥር ጥግ ላይ ብቻ "አርሴሊ" ይላል። አሻራ የለውም።

ይኸው አብሬ አስገብቼዋለሁ። ባዶ ነው ብለሽ እንዳትጥዪው።

ሉዲቪና